ለልጄ ብስክሌት የመረጥኩ ቀን

ልጄ ሄለን በሃያ ሰባት ዓመቷ ደም ግፊት አለብሽ ተባለች። ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ደም ግፊት የእኔና የእኩዮቼ በሽታ አይደለም እንዴ? ገና ሳትወልድ፣ ገና ወግ ማዕረጓን ሳላይ!

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አልኳት።

«ጨው ቀንሺ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አትዋዪ፣ ስፖርት ልመጂ አለኝ።» ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት የተቀመጠች ማታ ነው የምትነሳው።

«ታዲያ እንደ ሰው በእግርሽ ሂጂያ። ሐይቁ ዳር ስንቱ ይራመድ የለም?»

«ጉልበቴን ረሳሽው እማ? ለጉልበትሽ የሚሻለው ብስክሌት ነው፣ አዘውትረሽ ንጂ ብሎኛል። ሃይብሪድ የሚባል አለ። የድሮ ሠራተኛሽ ብርቱካን ሱቅ አንድ ሰማያዊ አይቻለሁ። አንቺ ትመርጪልኛለሽ አይደል?»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ከብስክሌት ሌላ ስፖርት የለም ወይ አልኳት።

ይህን የሚያነብ ሰው ይገርመው ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሀዋሳ ውስጥ ብስክሌት እየጠገንኩ፣ እየቀባሁ፣ እየሸጥኩ ነው የኖርኩት። ሄለንንም ትምህርት ቤት የላክኋት በዚያው ገቢ ነው። አምና ሥራ ያቆምኩት የቀኝ እጄ አንጓ መፍቻ አልይዝ ስላለኝ እንጂ ሥራውን ጠልቼ አይደለም። ነገር ግን ልጄን፣ ትንሽ ሳለች ጊዜ አጥቼ፣ ካደገች በኋላ ደግሞ ከልክያት፣ በራሴ እጅ አንድም ቀን ብስክሌት ላይ አላወጣኋትም። መንዳት የተማረችው ከእኔ ተደብቃ፣ ከጓደኞቿ ጋር ነው። ለምን እንደምከለክላት ስትጠይቀኝ «ትወድቂያለሽ» ብቻ ነበር መልሴ።

እውነተኛውን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ጽሑፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሰኝ።

ሥራ የጀመርኩት ሐይቁ ዳር ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ ሰውዬ ዘንድ ነው። ጎማ መንፋት፣ ጭቃ ማጠብ፣ ተከራይቶ የሄደው ሰው እስኪመለስ መንገድ መንገዱን እያዩ መጠበቅ ነበር ሥራዬ። ደመወዙ ለወሬ አይበቃም። ሦስት ዓመት እንደሠራሁ ሰውዬው ብስክሌቶቹን ሸጦ ባጃጅ ገዛ። እኔም ብስክሌቶቹን ተከትዬ፣ አብሬ የተሸጥኩ ይመስል፣ መናኸሪያው አጠገብ ወደነበረው ወደ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ሄድኩ።

ጋሽ ወልዴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። መዝሙር በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ግጥሙን ግን አይሉትም። የሰፈሩ ሰው መጥቶ «ሴት ልጅ መፍቻ አስይዘህ ምን ልትሠራ ነው?» ሲላቸው «ብሎኑ ማን እንደያዘው ምን ያውቃል?» አሉት። በዚያው ወሬው ቀረ።

ሊገዛ የመጣን ሰው «የትኛውን ወደድክ?» አይሉትም። መጀመሪያ «የት ነው የምትነዳው?» ነው የሚሉት። ሰውዬው ሲመልስ እሳቸው ጫማውን ያያሉ። አንዱን መምህር አስታውሳለሁ። «አስፋልት ላይ ብቻ ነው የምነዳው፣ ቀጭን ጎማ ያላትን ኮርሳ ስጡኝ» አለ። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩና «እና ይሄ ቀይ አፈር ከየት መጣ ጌታው?» አሉት። ቱላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ርቆ እንደሚኖር ወጣ። ለእንዲህ ያለው ሰው በኮርሳ አካል ላይ ወፈር ያለ ጎማ ይገጥሙና መሪውን ከፍ ያደርጉለታል። ዛሬ ልጄ ሃይብሪድ የምትለው እሱ ነው። ያኔ ስም አልነበረውም። ጋሽ ወልዴ «የሀዋሳ ብስክሌት» ይሉት ነበር፤ አስፋልቱንም ኮብልስቶኑንም አፈሩንም በአንድ ቀን የሚያይ።

ደግሞ ምንም ብስክሌት ራሳቸው ሳይነዱት ለሰው አይሰጡም። ነፋስ እንዳይወስድባቸው ኮፍያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው እስከ ማዕዘኑ ሄደው ይመለሳሉ። እኔንም «አስቱ፣ ለሰው ከመስጠትሽ በፊት አንቺ ንጂው፤ የሚጥል ከሆነ አንቺን ይጣልሽ» ይሉኛል። ይህን ሲሉ አይስቁም።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ላምባና ጠመኔያቸውን ነው። እኛ የምንሸጠው ከውጭ በኮንቴይነር የሚመጣ ያገለገለ ብስክሌት ነበር። ገዢ አዲስ የሚመስል ስለሚፈልግ የድሮው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል፣ የተጎዳው በስቱኮ ይሞላል፣ አዲስ ቀለም ይረጫል። ጋሽ ወልዴ ብረቱ ራቁቱን ሲቀር ያስቆሙናል። የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ወደ መሪው የሚወጣ ብረት አለ፤ እኛ «እግር» እንለዋለን። እሱ ከተሰበረ ሰው በፊቱ ነው የሚተከለው። ጋሽ ወልዴ የእግሩን ትከሻ፣ ሁለቱ ዘንጎች ከላይ የሚገናኙበትን ቦታ፣ በላምባ ያርሱታል። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ ይተዉታል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ድርቅ አድርገው ይጠርጉትና የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንሱበታል። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለበት ግን እዚያ ውስጥ ገብቶ የተደበቀው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። ያን እግር አይበይዱትም፣ አይሸጡትም። ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው በመጋዝ ለሁለት ቆርጠው ይጥሉታል።

«እስቲ ጠመኔውን እንጠይቀው» ይሉ ነበር። ከጆሯቸው ላይ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ አትጠፋም። ሞተው ልብሳቸውን ስናጥፍ ከየኪሱ ጠመኔ ወጣ። ያን ቀን እንደዚያ ያስለቀሰኝ ነገር የለም።

ሱቁን የገዛው አዲሱ አለቃ ፈጣን ሰው ነበር። መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ወለሉ ላይ የቆመ ብስክሌት ያመዋል። የእኔን ቀለም ይወድ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም ቀለሜን እወደው ነበር። እንደ መስታወት የሚያሳይ ቀይ እረጭ ነበር፤ ሴቶች ቆመው ፊታቸውን ያዩበታል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ሊደርስ ሰሞን ነው። ከተማው በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ ለመጉረፍ ይዘጋጃል፤ ሁሉም ነገር አዲስ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በር ላይ ሰው ተሰልፏል። አለቃው «አስቴር፣ አንቺ ሻይሽን እስክትጠጪ ሦስት ብስክሌት ይሸጣል» አለኝ። ሻይ እየጠጣሁ አልነበረም፤ ላምባው እስኪገባ እየጠበቅኩ ነበር። አፈርኩና ተነሳሁ። በእጄ የነበረው የአንዲት ነርስ ብስክሌት ነው። አገላብጬ አየሁት፤ ብረቱ ያምራል። ጠመኔውን ዘለልኩ። ስቱኮ ሞላሁ፣ ቀዩን ረጨሁ። ራሴም ሳልነዳው ሰጠኋት። ሲስተር አልማዝ ትባላለች። እየሳቀች ሄደች።

ሳምንታት አልፈው በታቦር ተራራ በኩል ቁልቁለቱን ስትወርድ የብስክሌቱ እግር ከትከሻው ላይ ተቆረጠ። የእሷም ትከሻ ተሰበረ፤ አራት የፊት ጥርሶቿን አጣች። ብስክሌቱን በጋሪ አመጡልን። የተሰበረውን ቦታ አየሁት። ግማሹ አዲስ ስብራት ነው፣ ያበራል። ግማሹ ዝገት ነው፣ ቡናማ። ያ ዝገት የቆየ ስንጥቅ ነው። ጠመኔው ቢጠየቅ ይናገር ነበር።

አለቃው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የመንገድ ነገር ነው፤ አንቺ ምንም እንዳትይ» አለኝ። ምንም አላልኩም።

ሲስተር አልማዝ ሲሻላት ወደ ሱቁ መጣች። አፏን በነጠላ ሸፍናለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ከቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ጀርባ ቆምኩ። እሷ ግን አየችኝና «ቀለሙ ግን እንዴት ያምር ነበር» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ እዚያ መሥራት አልቻልኩም። ቱላ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ተከራይቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ላምባውንና ጠመኔውን አንድም ቀን አልዘለልኩም። ግን ሰው እያየኝ ማድረግ አቃተኝ። «ይሄ ምንድነው? ለምን ታደርጊዋለሽ?» ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው? ስለዚህ ሠራተኞቼ ከመምጣታቸው በፊት ጎህ ሲቀድ እሄድና በሩን ዘግቼ ብቻዬን ጠመኔዬን እጠይቃለሁ። እነሱ ሲደርሱ ጠርጌ ጨርሻለሁ። የተሰነጠቀውን ቆርጬ ጥያለሁ። ማታ ፍቀውት ለሄዱት ብረት የቀራቸው መሙላትና መቀባት ብቻ ነው። መንዳት ደግሞ ጭራሽ ተውኩ። ለገዢ የሚነዱት እነሱ ነበሩ።

ከሠራተኞቼ ሁሉ ጎበዟ ብርቱካን ነበረች። የሲዳማ ልጅ ናት፤ አፏ እንደ ምላጭ ነው፣ እጇ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። አራት ዓመት አብራኝ ሠርታ የራሷን ሱቅ ስትከፍት የቀለም መርጫዬን መርቄ ሰጠኋት። ልጄ ሰማያዊውን ብስክሌት ያየችው እሷ ጋ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። በባጃጅ ስንሄድ ሄለን እጄን ያዘች።

«እማ፣ ብረቱን እንዲህ የጨበጥሽው ለምንድነው?»

«ባጃጁ ያንገጫግጫል።»

«ባጃጁ ቆሟል።»

ብርቱካን ከሱቋ እየሮጠች ወጣች። «እትዬ አስቴር! እግዜር ያሳይዎት፣ ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ይወፍራል?» ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺስ ወንበር ላይ የበቀልሽው፣ ጨከንሽ?»

«ሐኪም አስጨከነኝ» አለች ሄለን።

ሰማያዊዋ በር ላይ ቆማለች። እውነት ለመናገር ልብ ትወስዳለች። ቀለሟ የእኔ አረጫጨት ነው፣ መስታወት ነው። መጀመሪያ ጋሽ ወልዴ እንደሚያደርጉት «የት ነው የምትነጂው?» አልኳት ልጄን።

«ከቤት እስከ ሐይቁ፣ ከዚያ በሐይቁ ዳር ሄጄ እመለሳለሁ። በሳምንት አራት ቀን።»

የቤታችን በር አፈር ነው፣ ከዚያ ኮብልስቶን፣ ከዚያ አስፋልት። ስለዚህ ኮርሳ አይሆናትም፤ ኮብልስቶኑ አንጓዋን ይፈጀዋል። ያ ወፍራሙ የተራራ ብስክሌትም አይሆናትም፤ አስፋልት ላይ ሸክም ነው፣ በሳምንቱ ትሰለቸዋለች። መካከለኛው ነው። ጎማው ላይ ጣቴን አጋደምኩ፤ ሁለት ጣት ይሆናል፣ ደግ ነው። በሁለት እግሯ መሬት ረግጣ አግዳሚውን ብረት በእግሮቿ መሀል አድርጋ እንድትቆም አደረግኩ፤ አይነካትም። ኮርቻው ላይ ወጥታ ተረከዟን ከታች ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፍ ጉልበቷ ቀጥ አለ፤ ይህ ለታመመ ጉልበት ዋናው ነገር ነው፣ አጥፎ የሚያስነዳ ብስክሌት ጉልበት ይበላል። መሪውን ስትይዝ ጀርባዋ አልጎበጠም። ጎማውን አሽከረከርኩ፤ አይወላገድም። ፍሬኑ ይይዛል፣ ማርሹ ይቀየራል። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁባት።

«በቃ ያዘችሽ» አለች ብርቱካን እየሳቀች።

«ብርቱካን፣ ላምባና ጠመኔ አምጪልኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

ቀልድ መሰለኝ። ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ አይደለም። ምን እያልኳት እንደሆነ አታውቅም።

«የእግሩ ትከሻ ላይ ያለውን ቀለም ልፋቅ ነው» አልኩ።

«እትዬ! ትናንት የደረቀ ቀለም እኮ ነው!»

«እኔ እከፍልሻለሁ።»

ጥያቄዋን ትታ ላምባውን ከጓዳ አመጣች። ጠመኔ ጎረቤት ካለ ትምህርት ቤት አስለመነች። ቀለሙን በምላጭ ፋቅኩት። ከሥሩ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ፋቅኩት። ብረቱን በላምባ አራስኩትና በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻይ አምጡ አልኩ። ሄለንና ብርቱካን እንዳበደ ሰው ያዩኛል። ሻዩን ጨርሼ ጠረግኩት፣ ጠመኔውን ፈጭቼ ነሰነስኩት።

መጀመሪያ ነጭ ነበር። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ከግራው በኩል አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች። ነጥቧ ረዘመች። ፀጉር የምታህል መስመር እየተሳበች ትከሻውን እስከ ግማሽ ዞረችው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ሄለን።

«ስንጥቅ ነው። ይቆረጥ ነበር።»

«ምኑ?»

«እግሩ። አንቺ ላይዋ እያለሽ።»

«እማ… ሐሙስ ዕለት እስከ ሐይቁ ነድቻታለሁ። ለሙከራ ብዬ። በፍጥነት ነበር የወረድኩት።»

ብርቱካንን ልጮህባት ዞርኩ፤ አፌ ላይ የመጣው ስድብ ብዙ ነው። እሷ ግን ቀደመችኝ። ያቺ ምላስ ያላት ሴት ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር።

«እትዬ፣ ይሄን እኮ አላስተማሩኝም።»

ጠመኔ የነካውን ጣቴን በነጠላዬ ጠረግኩ።

«አራት ዓመት አብሬዎት ሠራሁ። መፋቅ አስተማሩኝ፣ መሙላት አስተማሩኝ፣ መቀባት አስተማሩኝ። ይሄን አላየሁም። በማለዳ እየመጡ ብቻዎን በሩን የሚዘጉት… ይጸልያሉ ነበር የምንለው። ቀድመን ብንመጣ እንኳ አናንኳኳም፣ ጸሎት ላይ ናቸው እያልን።»

የሲስተር አልማዝን ብስክሌት በዘለልኩ ጊዜ ሻይ የምጠጣበት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር የዘለልኩት። ይህን ግን አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አውቄ ነው የደበቅኩት። ልጄን ልትገድል የነበረችው እፍረቴ ናት።

ያኔ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ወልዴን፣ አለቃውን፣ ቀዩን ቀለም፣ ዝገቱን፣ የነርሷን ጥርስ። ሄለን «ለዚህ ነው የከለከልሽኝ?» ብቻ አለችኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ብርቱካን ተነሳች። ሱቁ ውስጥ የቀባቻቸውን ሁሉ እያወጣች ደረደረች። ቀለም ስንፍቅ፣ ስናርስ፣ ስንነሰንስ ዋልን። አንድ ሌላ የተሰነጠቀ አገኘን። ለእሱም ሆነ ለሰማያዊዋ መጋዝ አመጣችና እግራቸውን ራሷ ቆረጠችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሸጠችላቸው ሰዎች መደወል ጀመረች። አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በሲዳምኛ። «ዛሬ እንዳይነዱት፣ እየገፉ ያምጡልኝ። አይ፣ ተሰርቆ አይደለም። ሳልፈትሽ ሸጬልዎት ነው።» እንዲህ ስትል አልተንተባተበችም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያቃተኝን እሷ በአንድ ከሰዓት አደረገችው።

ለሄለን የመረጥኩላት አንዲት ግራጫ ብስክሌት ነው። የፋብሪካ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ማንም ሊቀባት ጊዜ ያላገኘ። ልኳ ከሰማያዊዋ ጋር አንድ ነው። ትከሻዋን ፋቅኩ፣ ሁለቴ ጠየቅኩ፤ ጠመኔው ሁለቴም ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሄለን መሪውን ልትይዝ ስትመጣ «ቆይ» አልኳት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጠበቅኩና ወጣሁባት። አሥራ አንድ ዓመት ያልነዳሁ ሴት፣ አንጓዬ እያመመኝ፣ እስከ ማዕዘኑ ሄጄ ተመለስኩ። የሰፈሩ ሰው አጨበጨበ። ብርቱካን «ወይ ጡረታ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ለልጄ ሰጠኋት።

ስትሄድ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ፈራሁ፤ አሁንም በየማለዳው ስትወጣ እፈራለሁ። ግን አያታለሁ።

የቀረኝ አንድ ስልክ ነበር። ሲስተር አልማዝ አሁንም እዚሁ ከተማ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ብርቱካን ስትደውል እያየሁ ካልደወልኩ መቼም አልደውልም ብዬ ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። ስሜን ነገርኳት። «ቀዩን ብስክሌት የቀባሁት እኔ ነኝ። እግሩ ቀድሞም ስንጥቅ ነበረበት። በላምባና በጠመኔ መፈተሽ ነበረብኝ፣ ሳልፈትሽ ቀባሁት» አልኳት።

«ያ አለቃሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «ፍሬኑን አጥብቀሽ ይዘሽው ነው፣ ጥፋቱ የራስሽ ነው ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ ያጠፋሁት የሚመስለኝ። አስቴር፣ እኔ በዚያ የተነሳ ልጄን ብስክሌት እንዳትነካ ከልክያት ነው የኖርኩት።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ፣ አልልሽምም አላለችኝ። ሲቃ የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ ሳቅም ለቅሶም ሊሆን ይችላል።

«ልጄ ከእኔ ደብቃ የምትነዳት አንዲት ብስክሌት አለቻት» አለች። «ጎረቤት ነው የምታሳድራት፤ የማላውቅ ይመስላታል። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቤቴ ነይ። ጠመኔሽን ይዘሽ ነይ።»